ማስረጃው ይቅረብ ያሉት ሴናተር፦ የዌይን ሞርስ ሕይወትና ትግል

ታሪክን የሚሠራው ሰፊው ሕዝብ መሆኑ የታወቀ ነው። ይህ መሠረታዊ አባባል ግን የግለሰብን ሚና የሚሽር ሆኖ መተርጐም የለበትም። ሕዝቡ ስለ አንድ ጉዳይ እውነቱ ገና ባልደረሰው፣ ጋዜጣውና ራዲዮው በአንድ አፍ በሚናገርበት፣ የአንድ ፓርቲ አባላት ለአንድ ሐሳብ እጃቸውን በአንድነት በሚያወጡበት ሰዓት፣ ከመካከላቸው አንድ ሰው ተነሥቶ ማስረጃው የት አለ ብሎ ቢጠይቅ በዚያች ዕለት የሚለውጠው ነገር ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ብዙኃኑ ነገ የሚያነሡትን ጥያቄ ከወዲሁ በታሪክ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። የአሜሪካው ሴናተር የዌይን ላይማን ሞርስ ሕይወት ለዚህ ግልጽ ምሳሌ ነው።

ሞርስ እ.ኤ.አ. በ1964 ለቬትናም ጦርነት በር የከፈተውን ውሳኔ በሴኔቱ ውስጥ ከተቃወሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበሩ። የተቃወሙትም የባላጋራን ፓርቲ መንግሥት ሳይሆን የራሳቸውን ፓርቲና የራሳቸውን ፕሬዚዳንት ነው፤ ያውም ብሔራዊ ምርጫ ሦስት ወር ሲቀረው። ለዚህ አቋም ያበቃቸው ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳስከፈላቸውና መጨረሻውም ምን እንደ ነበረ መመርመር በየማኅበሩና በየሥራ ቦታው ስብሰባ ድምፅ ለሚሰጥ ሰው ሁሉ ትምህርት ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመቶች፣ ለይተን ካላመለከትን በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል።

ከገበሬ ቤት እስከ ሕግ ትምህርት ቤት

ሞርስ የተወለዱት ኦክቶበር 20 ቀን 1900 በዊስኮንሲን ግዛት፣ በማዲሰን ከተማ አካባቢ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ነው። ያደጉት በከብትና በፈረስ መካከል ሲሆን የፈረስ ፍቅር እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ አልተለያቸውም። ዊስኮንሲን በዚያን ዘመን ገበሬውና ሠራተኛው በምድር ባቡርና በእንጨት ኩባንያዎች ጉልበት ላይ የተነሣበት፣ የተራማጅ እንቅስቃሴ መናኸሪያ ነበረች። የእንቅስቃሴው መሪ ሮበርት ላ ፎሌት በመጀመሪያ የግዛቲቱ ገዢ፣ በኋላም ሴናተር ሆነው፣ ከራሳቸው ከሪፐብሊካን ፓርቲ መሪዎች ጋር እየተጋጩ ለታናናሾች መብት የተከራከሩ ሰው ነበሩ።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስትገባ በሴኔቱ ውስጥ 82 ሰዎች ሲደግፉ የተቃወሙት 6 ብቻ ነበሩ፤ ከስድስቱም አንዱ ላ ፎሌት ነበሩ። በዚህም የተነሣ ከሃዲ ተብለው ተወገዙ፤ ከሴኔቱ ይባረሩ የሚል አቤቱታ ሁሉ ቀረበባቸው። ያን ጊዜ ሞርስ የ16 ዓመት ወጣት ነበሩ። በአገራቸው ልጅ ላይ የወረደውን ውግዘት ያዩትና የሰሙት በዚህ ለጋ ዕድሜያቸው ነው። ሰው ከሚያድግበት ማኅበራዊ ሁኔታ ተለይቶ እንደማይታይ ሁሉ የሞርስም ጠባይ ከዚህ አፈር የበቀለ ነበር።

ሞርስ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ በሚኔሶታ ሕግ አጥንተው በ1929 በምዕራቡ ጠረፍ በምትገኘው በኦሬገን ግዛት ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር ሆኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ገና 30 ዓመት ከጥቂት ወራት እንደ ሆናቸው፣ የሕግ ትምህርት ቤቱ ዲን ለመሆን በቁ። ነገር ግን ስማቸውን በሰፊው ያስጠራው የመማሪያው ክፍል ሳይሆን የመርከብ ወደቡ ነው።

በወደብ ሠራተኞችና በኩባንያዎች መካከል

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የሚገኙት የወደብ ሠራተኞች ይቀጠሩ የነበረው ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። ጫኝና አውራጁ ማለዳ ወደቡ ላይ ተሰልፎ ይቆማል፤ የኩባንያው አለቃ የወደደውን በጣቱ እየጠቆመ ይወስዳል፤ የተቀረው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይህ አሠራር ለጉቦና ለአድልዎ በር የከፈተ ከመሆኑም በላይ አቤቱታ ያሰማውን ሠራተኛ በረኃብ ለመቅጣት የሚያመች ነበር። በ1934 ሠራተኞቹ 83 ቀናት የቈየ የሥራ ማቆም አድማ መቱ። በሳን ፍራንሲስኮ ጁላይ 5 ቀን ፖሊስ ተኩሶ ሁለት ሰዎች ወደቁ። በትግሉ ውጤት ቅጥሩ በተራ የሚፈጸምበት አዳራሽ ተቋቋመ፤ በሠራተኛውና በኩባንያዎቹ መካከል የሚነሣውን ክርክርም የግልግል ዳኛ እንዲያየው ስምምነት ላይ ተደረሰ።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ይህን የግልግል ዳኝነት ሥራ እንዲሠሩ ከተመረጡት ሰዎች አንዱ ሞርስ ነበሩ። ሥራው ቀላል አልነበረም። ሠራተኛው የከበርቴው መሣሪያ ይሆናሉ ብሎ ይጠራጠራል፤ ኩባንያውም ለአድመኞች ያደላሉ ብሎ ይሠጋል። ሞርስ የተከተሉት መንገድ ሁለቱንም ወገን መስማት፣ ውሉን አንቀጽ በአንቀጽ ማንበብ፣ የሥራውን መዝገብ ማየትና ከዚያ በኋላ መፍረድ ነበር። ፍርዳቸው አንድ ጊዜ ለሠራተኛው፣ ሌላ ጊዜም ለኩባንያው ይሆን ነበር። የሁለቱም ወገን አመኔታ ያደረባቸው ከዚሁ የተነሣ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ከ1942 እስከ 1944 የሠራተኛና የአሠሪ ክርክሮችን በሚመለከተው ብሔራዊ የጦርነት ጊዜ የሥራ ጉዳይ ቦርድ ውስጥ አባል ሆነው አገለገሉ።

ይህ የሕይወታቸው ክፍል በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ምክንያቱም መዝገቡ ሳይታይ፣ ሁለተኛው ወገንም ሳይሰማ ፍርድ አይሰጥም የሚለው የወደብ ልማድ ከሃያ ዓመት በኋላ በጦርነትና በሰላም ጉዳይ ላይ ለወሰዱት አቋም መሠረት ሆኗል።

የመጀመሪያው መለየት

ሞርስ በ1944 ኦሬገንን ወክለው በሪፐብሊካን ፓርቲ ስም ለሴኔት ተመረጡ። ነገር ግን ከትልልቅ ኩባንያዎች ጥቅም ጋር በጥብቅ በተሳሰረው በዚህ ፓርቲ ውስጥ ገና ከጅምሩ እንግዳ ነበሩ። በ1947 የሠራተኛ ማኅበራትን ሥልጣን የሚቀንሰውና አድማን የሚገድበው የታፍት-ሃርትሊ ሕግ ሲወጣ ከተቃወሙት ጥቂት ሪፐብሊካን ሴናተሮች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በ1950 ሴናተር ጆሴፍ ማካርቲ ሰውን ሁሉ ያለ ማስረጃ በኮሙኒስትነት እየከሰሱ አገሪቱን በፍርሃት ሲያርዱ፣ ሴናተር ማርጋሬት ቼዝ ስሚዝ ድርጊቱን ለመቃወም ባወጡት መግለጫ ላይ ከፈረሙት ስድስት ሪፐብሊካኖች መካከልም ይገኙበታል።

ቅራኔው በ1952 ወደ መቆረጥ ደረሰ። ፓርቲው ሪቻርድ ኒክሰንን ለምክትል ፕሬዚዳንትነት ማጨቱንና ወደ ቀኝ ማዘንበሉን በመቃወም ሞርስ ከፓርቲው ወጥተው ነፃ ሴናተር መሆናቸውን አስታወቁ። ጃንዋሪ 1953 አዲሱ ሴኔት ሲከፈት ከሁለቱም ወገን መቀመጫ የለኝም በማለት ታጣፊ ወንበር ይዘው ወደ አዳራሹ ገቡ። ድርጊቱ ለአንዳንዶች መሳለቂያ ቢሆንም ቅጣቱ ግን ቀልድ አልነበረም። ከጦር ኃይሎችና ከሥራ ጉዳይ ኮሚቴዎች ተነሥተው ማንም ወደማይሻቸው ኮሚቴዎች ተመደቡ። በዚያው ዓመት ኤፕሪል በባሕር ጠረፍ ሥር ያለው የነዳጅ ዘይት ሀብት ከማዕከላዊው መንግሥት ወደየግዛቶቹ እንዲተላለፍ የቀረበውን ሕግ በመቃወም 22 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ ተናገሩ። ይህም በዚያን ጊዜ በሴኔቱ ታሪክ ረጅሙ ንግግር ነበር። ሕጉ ግን አልቀረም፤ ወጣ።

በጃንዋሪ 1955 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የታይዋንን ጉዳይ ምክንያት በማድረግ የጦር ኃይል እንዲጠቀሙ ምክር ቤቱ አስቀድሞ እንዲፈቅድላቸው ጠየቁ። ሴኔቱ በ85 ድምፅ ሲያጸድቅ የተቃወሙት 3 ብቻ ነበሩ፤ ሞርስም ከሦስቱ አንዱ ነበሩ። ጦርነት የማወጅ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንደኛ አንቀጽ ለምክር ቤቱ የተሰጠ ስለ ሆነ ለአንድ ሰው ተላልፎ ሊሰጥ አይችልም የሚለውን መከራከሪያ ያቀረቡት ያን ጊዜ ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ወደ ዲሞክራት ፓርቲ ገቡ፤ በ1956ም በዲሞክራትነት ተወዳድረው የአይዘንሃወር መንግሥት ሚኒስትር የነበሩትን ዳግላስ ማካይን አሸነፉ። አዲሱ ፓርቲያቸው ያልተገነዘበው ነገር ቢኖር ሞርስ ፓርቲ ለወጡ እንጂ አቋም አለመለወጣቸውን ነው።

በሦስት ቀን ያለቀው ውሳኔ

እንደሚታወቀው በ1954 በጄኔቭ በተደረገው ስምምነት ቬትናም በ17ኛው ፓራለል ላይ ለጊዜው ተከፍላ፣ በ1956 በሚደረግ ምርጫ አንድ እንድትሆን ተወስኖ ነበር። ምርጫው ግን ሳይደረግ ቀረ። አሜሪካ በደቡብ ያለውን መንግሥት በገንዘብና በመሣሪያ ደገፈች፤ በ1963 መጨረሻ በዚያ የነበሩት የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ቍጥር ወደ 16 ሺህ ተጠግቶ ነበር።

ኦገስት 2 ቀን 1964 ማዶክስ የምትባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ በቶንኪን ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሳለች ሦስት የሰሜን ቬትናም ቶርፔዶ ተኳሽ ጀልባዎች ገጠሟት። በመርከቧ ላይ የደረሰው ጉዳት አንዲት ጥይት ብቻ ነበረች። ኦገስት 4 ሌሊት ደግሞ ማዶክስና ተርነር ጆይ የተባለች ሌላ መርከብ ለሁለተኛ ጊዜ ጥቃት ተፈጸመብን ሲሉ አስታወቁ። ሌሊቱ ጨለማ፣ ባሕሩም ማዕበል ነበር፤ ወሬው የተነሣው ከራዳርና ከሶናር መሣሪያ ምልክት ሲሆን የመርከቦቹ አዛዥ ራሱ በዚያው ቀን በላከው ቴሌግራም ጥርጣሬውን ገልጾ ነበር። ይሁን እንጂ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በዚያው ምሽት በቴሌቪዥን ቀርበው ሰሜን ቬትናም በአየር እንድትደበደብ ማዘዛቸውን ለሕዝቡ ተናገሩ። በማግስቱም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ማንኛውንም አስፈላጊ እርምጃ እንዲወስዱ የሚፈቅድ የውሳኔ ሐሳብ ወደ ምክር ቤቱ ላኩ።

ሕዝቡ ያልተነገረው ሌላ ነገር ነበር። በጁላይ 30 እና 31 መካከል በነበረው ሌሊት አሜሪካ ያስታጠቀቻቸውና የምትመራቸው የደቡብ ቬትናም ፈጣን ጀልባዎች ሆን ሜ እና ሆን ኙ የተባሉትን የሰሜን ቬትናም ደሴቶች ደብድበው ነበር። ማዶክስም በዚያው አካባቢ ወሬ በመሰብሰብ ሥራ ላይ ነበረች። ስለዚህ ጥቃቱ ያለ ምንም ምክንያት የተፈጸመ ነው የተባለው የነገሩን ግማሽ የደበቀ ነበር። ሞርስ ከመከላከያ ሚኒስቴር ውስጥ አንድ መኮንን ስልክ ደውሎ የመርከቧን የጉዞ መዝገብና የደሴቶቹን ድብደባ ጉዳይ እንዲጠይቁ እንደ ጠቆማቸው ይታወቃል።

ሞርስ ኦገስት 6 የውጭ ጉዳይና የጦር ኃይሎች ኮሚቴዎች በጋራ በተቀመጡበት ስብሰባ ላይ ይህንኑ ጥያቄ አነሡ። የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በደሴቶቹ ድብደባ ውስጥ እጅ እንደሌለበትና እንደማያውቅም መለሱ። መዝገቡ አልቀረበም። ከኮሚቴዎቹ አባላት መካከል የተቃወሙት ሞርስ ብቻ ነበሩ።

በሴኔቱ አዳራሽ የውሳኔውን ሐሳብ እንዲያሳልፉ ኃላፊነት የተሰጣቸው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴው ሊቀ መንበር፣ ዲሞክራቱ ዊሊያም ፉልብራይት ነበሩ። ፕሬዚዳንቱ ጦርነት ማስፋፋት እንደማይፈልጉ አምነው ነበር። የዊስኮንሲኑ ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን ውሳኔው ሰፊ ጦርነት እንደማይፈቅድ የሚገልጽ ማሻሻያ ለማስገባት ሲፈልጉ፣ ፉልብራይት ሐሳቡ በውሳኔው ውስጥ እንዳለ በመግለጽ ማሻሻያውን ሳይቀበሉት ቀሩ፤ ኔልሰንም በዚያ ማረጋገጫ ተማምነው ደገፉ። የዲሞክራቶች ሥጋት ግልጽ ነበር። በኖቬምበር ከሪፐብሊካኑ ከባሪ ጐልድዋተር ጋር በሚደረገው ውድድር ፕሬዚዳንታቸው በጦር ጉዳይ ደካማ መስለው እንዲታዩ አልፈለጉም። የፓርቲ ጥቅም የሀገርን ጥያቄ የዋጠው በዚህ መንገድ ነው።

ሞርስ በበኩላቸው ውሳኔው ቀን ያልተጻፈበት የጦርነት አዋጅ መሆኑን፣ ሕገ መንግሥቱም ይህን እንደማይፈቅድ፣ ጉዳዩ ለተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መቅረብ እንደሚገባውና ዛሬ የሚደግፉት ሰዎች ወደፊት እንደሚጸጸቱ አስረግጠው ተናገሩ። ከጐናቸው የቆሙት የ77 ዓመቱ የአላስካ ሴናተር ኧርነስት ግሩኒንግ ብቻ ነበሩ። ግሩኒንግ ቀደም ብለው በማርች 1964 አሜሪካ ከቬትናም እንድትወጣ በሴኔቱ ጠይቀው ነበር። ኦገስት 7 ቀን 1964፣ ይኸውም በእኛ አቆጣጠር ነሐሴ 1 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ድምፅ ተሰጠ። በሴኔቱ 88 ደገፉ፤ 2 ተቃወሙ። በታችኛው ምክር ቤት 416 ደገፉ፤ አንድም የተቃወመ አልነበረም። የአንድ ሕዝብ የጦርነትና የሰላም ጉዳይ ፕሬዚዳንቱ ለሕዝቡ በተናገሩ በሦስተኛው ቀን አበቃለት።

ከራሳቸው ፓርቲ መንግሥት ጋር

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሞርስ የፕሬዚዳንት ጆንሰን ግላዊ ጠላት አለመሆናቸው ነው። የትምህርት ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ ሊቀ መንበር እንደ መሆናቸው፣ በ1965 ለድኻ ልጆች ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ገንዘብ የሚመድበውን ሕግና የከፍተኛ ትምህርት ሕግን በማሳለፍ በኩል ከፕሬዚዳንቱ ጋር እጅና ጓንት ሆነው ሠርተዋል። የ1964ቱን የዜጎች መብት ሕግም ደግፈዋል። ስለዚህ መለያየቱ የጠብ ሳይሆን የመርሕ ነበር። እንዲያውም ጦርነቱ የሚበላው ገንዘብ ለእነዚሁ ትምህርት ቤቶች ሊውል የሚገባው መሆኑ ተቃውሟቸውን አጠነከረው።

ምርጫው አልፎ ጆንሰን ካሸነፉ በኋላ ነገሩ ተገለጠ። ማርች 8 ቀን 1965 የመጀመሪያዎቹ 3 ሺህ 5 መቶ የባሕር ኃይል እግረኞች ዳ ናንግ ላይ ወረዱ። በዓመቱ መጨረሻ የአሜሪካ ወታደሮች ቍጥር 184 ሺህ ደረሰ። በ1969 ከ540 ሺህ በላይ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ሕጋዊ መሠረት ተደርጎ የሚጠቀሰው ያው በሦስት ቀን ያለቀው ውሳኔ ነበር። ሠራተኛ በባዶ ወረቀት ላይ ፈርሞ ከሰጠ በኋላ አሠሪው የፈለገውን ውል ቢጽፍበት የሚከራከርበት አይኖረውም፤ ምክር ቤቱም የደረሰበት ይኸው ነው።

በሜይ 1965 ለጦርነቱ 700 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ገንዘብ ሲጠየቅ የተቃወሙት ሴናተሮች ከሁለት ወደ ሦስት ከፍ አሉ። ሦስተኛው በማረጋገጫ የተታለሉት ጌይሎርድ ኔልሰን ነበሩ። ማርች 1 ቀን 1966 ሞርስ ውሳኔው እንዲሻር ሐሳብ ሲያቀርቡ በ92 ድምፅ ውድቅ ሆነባቸው፤ ከእሳቸው ጋር የቆሙት 4 ብቻ ነበሩ። ነገር ግን ከአራቱ አንዱ ያንን ውሳኔ በሴኔቱ ያሳለፉት ፉልብራይት ራሳቸው ነበሩ። ፉልብራይት በዚያው ዓመት ፌብርዋሪ ኮሚቴያቸው ስለ ጦርነቱ ያደረገው ምርመራ በቴሌቪዥን ለሕዝብ እንዲታይ አደረጉ። ሞርስም ጥያቄያቸውን በዚያ መድረክ ቀጠሉ፤ ከሴኔቱ አዳራሽ ውጭም በየዩኒቨርሲቲውና በየአደባባዩ እየዞሩ ተናገሩ።

በዚሁ በ1966 ከፓርቲ ሥርዓት አንጻር ይቅር የማይባል እርምጃም ወሰዱ። በኦሬገን ለሁለተኛው የሴኔት መቀመጫ ሲወዳደሩ የነበሩት ዲሞክራቱ ሮበርት ደንከን ጦርነቱን የሚደግፉ፣ ሪፐብሊካኑ ማርክ ሃትፊልድ ደግሞ የሚቃወሙ ነበሩ። ሞርስ ፓርቲያቸውን ትተው ሃትፊልድን ደገፉ፤ ሃትፊልድም አሸነፉ።

የተከፈለው ዋጋ

ሂሳቡ የተጠየቀው በ1968 ነው። በፓርቲው ውስጥ በተደረገው ማጣሪያ ደንከን ተነሡባቸው፤ ሞርስም በጥቂት ድምፅ ብልጫ አመለጡ። በዋናው ምርጫ ግን ከ8 መቶ ሺህ በላይ ድምፅ በተሰጠበት ውድድር በ3 ሺህ 3 መቶ ገደማ ድምፅ ተበልጠው ለወጣቱ ሪፐብሊካን ለቦብ ፓክውድ ወንበራቸውን ለቀቁ። ግሩኒንግም በዚያው ዓመት በአላስካ ተሸነፉ። የ1964ቱ ሁለት ድምፆች በአንድ ዓመት ውስጥ ከሴኔቱ ወጡ።

ለሽንፈቱ ምክንያቱ ጦርነቱ ብቻ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ሞርስ አስቸጋሪ ሰው ነበሩ። የሴኔቱ ነብር የሚል ቅጽል ስም የወጣላቸው ያለ ነገር አይደለም። ከወዳጅ ጋር ይጣላሉ፤ ቂም ይይዛሉ፤ ንግግራቸው ይረዝማል፤ ራሳቸውን ከሁሉ ጻድቅ አድርገው ያቀርባሉ የሚል ወቀሳም ነበረባቸው። ብቻውን መቆም የለመደ ሰው ከሌሎች ጋር መቆም ይቸግረዋል። ይህ ድክመት ተቃውሞውን በሴኔቱ ውስጥ ለማስፋት እንቅፋት እንደ ሆነባቸው መካድ አይገባም። ከአቋምም አንጻር ቢሆን ሞርስ ሶሻሊስት አልነበሩም፤ የሀገራቸውን የኤኮኖሚ ሥርዓት ለመለወጥም አልተነሡም። የታገሉት በዚያው ሥርዓት ሕግ ውስጥ ሆነው፣ ሕጉ እንደ ተጻፈው ይከበር በማለት ነው።

በ1972 ወደ ሴኔት ለመመለስ ሞከሩ። ተወዳዳሪያቸው ከስድስት ዓመት በፊት ራሳቸው የደገፏቸው ሃትፊልድ ሆኑ፤ ሞርስም ተሸነፉ። በ1974 በ73 ዓመታቸው እንደ ገና ተነሥተው የዲሞክራት ፓርቲን እጩነት አገኙ። ነገር ግን በምርጫው ዘመቻ መካከል ታመው ጁላይ 22 ቀን 1974 በፖርትላንድ ከተማ አረፉ። የድምፅ ጓደኛቸው ግሩኒንግ ከእሳቸው ቀደም ብለው ጁን 26 ቀን አርፈው ነበር። በዚያ ሰዓት ጦርነቱ ገና አላበቃም፤ ሳይጎን የተያዘችው ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ነው።

የታሪክ ፍርድ

የቶንኪን ውሳኔ በጃንዋሪ 1971 ተሻረ። በኖቬምበር 1973 ምክር ቤቱ የፕሬዚዳንት ኒክሰንን እምቢታ አልፎ የጦርነት ሥልጣንን የሚመለከት ሕግ አወጣ፤ በዚህ ሕግ መሠረት ፕሬዚዳንቱ ጦር ባሰማሩ በ48 ሰዓት ውስጥ ለምክር ቤቱ ማሳወቅ፣ ፈቃድ ካላገኙም በ60 ቀን ውስጥ ጦሩን ለመመለስ መጀመር ይኖርባቸዋል። ማክናማራ በ1995 ሃኖይ ሄደው የሰሜን ቬትናም ጦር አዛዥ የነበሩትን ጄኔራል ቮ ንጉየን ዛፕን ሲጠይቁ በኦገስት 4 ሌሊት ምንም ጥቃት እንዳልነበረ ተነገራቸው። በ2005 ይፋ የሆነው የአሜሪካ ብሔራዊ ጸጥታ መሥሪያ ቤት የራሱ ጥናትም በዚያ ሌሊት ጥቃት እንዳልተፈጸመና ማስረጃዎቹ ተመርጠው እንደ ቀረቡ አረጋገጠ። ሞርስ ይቅረብ ያሉት መዝገብ ተገልጦ የተነበበው ከ41 ዓመት በኋላ ነው።

ጥያቄው ግን ከእሳቸው ጋር አልተቀበረም። በሴፕቴምበር 2001 የአሜሪካ ምክር ቤት ለፕሬዚዳንቱ ሰፊ የጦር ሥልጣን ሲሰጥ በታችኛው ምክር ቤት 420 ደግፈው ብቻቸውን የተቃወሙት ባርባራ ሊ በንግግራቸው የሞርስን ስም አንሥተዋል። በ2002 የኢራቅ ጦርነት ጉዳይ ሲቀርብም፣ በ1964 የቶንኪንን ውሳኔ ደግፈው የነበሩት ሴናተር ሮበርት ባይርድ በዚያ ድምፃቸው መጸጸታቸውን ገልጸው ተቃወሙ። በዚህ ጊዜ በሴኔቱ የተቃወሙት 2 ሳይሆኑ 23 ነበሩ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? በመጀመሪያ የሞርስ ድምፅ ብቻውን አንዲት ቦምብ እንኳ እንዳላቆመ በግልጽ መነገር አለበት። ጦርነቱን ያስቆመው የቬትናም ሕዝብ ተጋድሎና ልጆቹን ለማገዶነት ማቅረብ የሰለቸው የአሜሪካ ሕዝብ ተቃውሞ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ነጠላ ክር አንበሳ አያስርም። ይሁን እንጂ ድሩ የሚጀመረው ከአንድ ክር ነው። ሕዝቡ በተነሣ ጊዜ የሚይዘው ጥያቄ ተዘጋጅቶ ጠበቀው፤ ጥያቄውም በሴኔቱ መዝገብ ላይ በቀንና በስም ሰፍሮ ነበር።

ሁለተኛው ቁም ነገር የፓርቲ ሥርዓትን የሚመለከት ነው። ሥርዓት ለማንኛውም ድርጅት አስፈላጊ ነው፤ ያለ ሥርዓት የጋራ ሥራ አይሠራም። ነገር ግን ሥርዓት ማለት በጋራ መርምሮ በጋራ መወሰን እንጂ ሳይመረምሩ በጋራ እጅ ማውጣት አይደለም። ኔልሰን ጥርጣሬ ነበራቸው፤ ባይርድም ኋላ ተጸጽተዋል። ከ88ቱ መካከል ስንቶቹ በልባቸው ተጠራጥረው በእጃቸው እንደ ደገፉ ማን ያውቃል? ሞርስ ከእነርሱ የበለጠ ዕውቀት አልነበራቸውም። የነበራቸው፣ በወደብ ላይ የለመዱት፣ መዝገቡ ሳይታይ አይፈረድም የሚለው የሥራ ልማድ ብቻ ነበር። ይህ ልማድ ደግሞ የሴናተር ብቻ አይደለም። በዕድር ሂሳብ፣ በማኅበር ስብሰባ፣ በፋብሪካ የሥራ ውል ላይ ማንም ሠራተኛ ሊለምደው የሚችል ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። አባባሉ ትክክል ነው። ነገር ግን ንጋቱ እስኪጠራ ድረስ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያን ወታደሮች ወድቀዋል፤ የቬትናም መንግሥት በ1995 ባወጣው ግምት መሠረትም ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ቬትናማውያን አልቀዋል። እነዚህ ሰዎች እውነቱ በጠራ ጊዜ አልተመለሱም። ስለዚህ የጦርነት ጉዳይ በቀረበ ጊዜ ማስረጃው ይቅረብ የሚለው ጥያቄ ሊነሣ የሚገባው ጦሩ ከወጣ በኋላ ሳይሆን እጅ ከመውጣቱ በፊት ነው።